አባዬ ያያት ጥቁር ላም

ሰኔ 27

እኔ ዩምና ዘይኑልአቢዲን፣ ዕድሜዬ አሥራ ስድስት፣ አድራሻዬ አንኮበር ጎረቤላ፣ በሙሉ ጤንነቴና ማንም ሳያስገድደኝ የሚከተለውን እናዘዛለሁ። የፊዚክስ ክፍላችንን የሰሌዳ ማስመሪያ በጃንጥላ ጠቅልዬ ወደ ቤት ወስጃለሁ። ስርቆት አይደለም። ሌባ የሚባለው የመመለስ ሐሳብ የሌለው ነው፤ እኔ ትምህርት ሲከፈት እመልሰዋለሁ፣ ያውም አጥቤ። ማስመሪያው አንድ ሜትር ሙሉ ስለሆነ ከጃንጥላው ጫፍ ብቅ ብሎ ነበር። ዘበኛው አይቶ «ጃንጥላሽ አድጓል» አለኝ። «ክረምት ነው ጋሼ፣ የማያድግ ነገር የለም» ብዬው አለፍኩ።

ለዚህ ኃጢአት ያበቃኝ ቲቸር ወልደአረጋይ ነው። በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ስለ መኪና አቋቋም አስተማረን። መኪና ቁም ስላሉት አይቆምም አለ። መጀመሪያ ዓይን ያያል፣ ለጭንቅላት ይናገራል፣ ጭንቅላት እግርን ያዛል፤ ሦስቱ እስኪስማሙ ድረስ መኪናው መንገዱን መብላቱን አይተውም። ፍሬኑ ሥራ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። የክፍሌ ልጆች ዝናቡን ሲያዩ ነበር። እኔ ግን የሹፌር ልጅ ነኝና ሰማሁ።

ማስመሪያው ይህን ይለካል። አንዱ ከላይ ይዞ ድንገት ይለቀዋል፣ ሌላው በሁለት ጣቱ መሀል ሲወርድ ይቀልበዋል። ቶሎ ያየ ታችኛው ጫፍ ላይ ይይዘዋል፤ የዘገየ ብዙ አሳልፎ ከላይኛው። ሽማግሌ የሚያሳፍር ዕቃ እንዲህ ሜዳ ላይ ወድቆ እያየሁ እንዴት ትቼው ልሂድ?

ሰኔ 30

ዛሬ በእራት ሰዓት አባዬን አስተማርኩት። አልተማረም።

አባዬ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ሚኒባስ ይነዳል። በአዘቦት ከጎረቤላ ደብረ ብርሃን ይመላለሳል፤ በገበያ ቀን ደግሞ ቁልቁል ወደ አባቶቹ አገር ወደ አሊዩ አምባ ይወርዳል። ያን ቁልቁለት ሲጀምር ማርሹን ፍሪ ያደርግና መኪናውን በራሱ ክብደት ይለቀዋል። ናፍጣ ለመቆጠብ ነው።

«አባዬ፣ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬኑ መኪናውን ለማቆም የሚፈልገው መንገድ አራት እጥፍ ይሆናል» አልኩት።

«ለምን አራት? ሁለት አይበቃውም?»

«ፊዚክስ ነዋ!»

«ፊዚክስ መንጃ ፈቃድ አለው?»

እማዬ ሰሊሃ ሳቋን በነጠላዋ ያዘች። አባዬ ሲስቁለት ይብስበታል። «ደግሞ የኔ መኪና ደህና የሚቆመው ሲሞላ ነው። ሰው ሲበዛ መሬቱን ይጨብጣል» አለ።

«ይጨብጣል፤ ግን ለማቆምም የዚያኑ ያህል ያስቸግራል። ስለዚህ ክብደቱ ከግራም ከቀኝም ይሰረዛል።»

«ሰማሽ ሰሊሃ? ይቺ ልጅ ተሳፋሪዎቼን ሰረዘቻቸው።»

ሐምሌ 3

የገበያ ቀን። አብሬ ወረድኩ፣ ከኋላ ከዶሮና ከጆንያ ጋር። ጋቢናው እንደ ሁልጊዜው የቄስ ወርቅአገኘሁ ነው። ቄሱ በዚህ ዓመት አንድም ገበያ አላለፋቸውም። ምን ሊገዙ እንደሚወርዱ ግን ሰው አያውቅም። ዛሬ ይዘው የተመለሱት ሎሚ ነው። ለሎሚ ብሎ ያን ገደል የሚወርድ ሰው ይጸለይለታል እንጂ አይጸልይም።

አፋቸው ደግሞ አያርፍም።

«በስመ አብ! ዘይኑ፣ አህያ ከነጭነቷ።»

«አይቻታለሁ አባ።»

«ኩርባው ላይ ድንጋይ ወርዷል፣ በግራ በኩል።»

«አይቼዋለሁ።»

«በስመ አብ! አሁን ደግሞ አንዲት ሴት ዶሮ ይዛ…»

«አባ፣ የዶሮዋን ስምም ይንገሩኝ እንጂ!»

መኪናው በሳቅ ተናጋ። እኔም ለረዳቱ ለሐቢብ፣ የአክስቴ ልጅ ነው፣ «የመኪናችን ሬዲዮ ቢበላሽ ምን ይደረግ፣ ቄስ ተገጠመለት» አልኩት። ሐቢብ አልሳቀም። ሐቢብ ያልሳቀበት ቀልዴ ይህ የመጀመሪያው ነው፤ ተቀይሜዋለሁ።

ሐምሌ 8

ማስመሪያው ሥራ ጀመረ። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሰውን ሁሉ ሰብስቦ ቤታችን ከተተልኝ። እማዬ ገና ሳይወርድ ቀለበችው፤ ስኳር ዕቃ ላይ የልጅ እጅ ስትይዝ የኖረች ሴት ናት። ሐቢብ ትንሽ ዘገየ። ቄስ ወርቅአገኘሁ ሊጠለሉ ገብተው ስለነበር እሳቸውንም ፈተንኳቸው። በስመ አብ ሳይሉ ያዙት፣ ከእማዬም ቀድመው! እኔ ሽማግሌ ሲያፍር ለማየት ነበር ያሰብኩት።

አባዬ ጋ ሲደርስ ማስመሪያው ቀጥ ብሎ ወርዶ ወለሉን መታ።

«ነፋስ ነው» አለ። በሩ ዝግ ነው።

ደገምን። ወለሉን መታ።

«ሳትነግሪኝ ነው የለቀቅሽው።»

«ሳልነግርህ መልቀቄ እኮ ነው ጨዋታው!»

«ንገሪኝና እዪኝ።»

«ለቀቅኩ!» ብዬ ለቀቅኩት። ቀጨም! ሁላችንንም በለጠ። «አያችሁ?» ብሎ ደረቱን ነፋ። እኔም «ትልቅ ሰው ካልነገሩት አይንቀሳቀስም» ብዬ አሳቅኳቸው። ቄሱ ብቻ ሻያቸውን እያዩ ዝም አሉ። ቄስ ወርቅአገኘሁን ዝም ብለው ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው።

ሐምሌ 12

ቸኩያለሁ። አባዬ የግቢያችንን በር ምሰሶ ገጨ። ምሰሶው በዕድሜ ይበልጠኛል፣ ትናንትም እዚያው ነበር። አባዬ «ማነው ይሄን ወደ ውስጥ ያስገባው?» ብሎ ጮኸ። ሐቢብ «እኔ ነኝ፣ ይቅርታ» አለ። ሐቢብ ከመቼ ወዲህ ነው ምሰሶ የሚያስገባው?

ሐምሌ 21

ዛሬ ሰማዩ ታጥቦ የተወለወለ ብርጭቆ መስሎ ዋለ። ቆላው ወለል ብሎ እስከ አፋር ሜዳ ይታያል። አባዬ በር ላይ ቆሞ «ይሄ ጉም ዘንድሮ አልለቅ አለን» አለ። እማዬ መጀመሪያ እሱን አየችው፣ ቀጥላ ሰማዩን አየች። «ወላሂ፣ አልለቅ አለ» አለች።

እማዬ ለአባዬ ስትል በሰማይ ላይ ትዋሻለች። ትልልቅ ሰዎች እንዲህ ሲስማሙ ያምራል። እኔ ምን አገባኝ? የኔ ሥራ ፊዚክስ ነው።

ማታ ስልኩን ሰጥቶኝ የደወለለትን ሰው ስም አስነበበኝ። መነጽር ግዛ ብለው «መነጽር ያደረገ ሹፌር መኪና ማን ይገባል?» አለኝ። እንዳለውም ማንም አይገባ ይሆናል። ይህን ነገር ሁለት ጊዜ አላስበውም።

ነሐሴ 1፣ ጠዋት

ፍልሰታ ገባ። ቄስ ወርቅአገኘሁ ሱባኤ ገብተዋል፤ ጾሙ ሳይፈታ ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር አይወጡም። ይህ ማለት በዛሬው የገበያ ቀን ጋቢናው ባዶ ነው ማለት ነው! ሐቢብ «ዩሚ፣ አንቺ ኋላ ሁኚ፣ ጋቢና እኔ ልቀመጥ» አለኝ። ረዳት ጋቢና ምን ይሠራል? ቦታው በሩ ላይ ነው። አባዬም «ልጄ ትቀመጥ» አለ። እንግዲህ ንግሥት ሆኜ መውረዴ ነው።

ነሐሴ 1፣ ማታ

አሁን ልጻፍ።

ዝናቡ ሌሊት ጥሎ አባርቶ ነበር። ፀሐይ ወጥታለች፣ መንገዱ ግን ገና ጭቃ ነው። አባዬ ቁልቁለቱን ሲጀምር ማርሹን ፍሪ አደረገ። ትልቁ ኩርባ ጋ ስንደርስ አንዲት ሴት ሽንኩርት የጫነች አህያ እየነዳች ሽቅብ ትመጣለች። አየኋት። አባዬም ያያታል ብዬ ጠበቅኩ። መኪናው አልቀነሰም። ፊቱን ዞር ብዬ አየሁት፤ ዓይኑን ጠበብ አድርጎ ቀጥታ ወደ አህያዋ ያያል። ያያል፣ ግን አይቀንስም።

«አባዬ፣ አህያ!»

ወዲያው ረገጠው። ጎማዎቹ ቆሙ፣ መኪናው ግን አልቆመም፤ ጭቃው ላይ ሳሙና ሆነ። ሴትዮዋ አህያዋን በልጓሙ ይዛ ወደ ገደሉ አፍ ተጠጋች፤ ከዚያ ወዲያ የምትጠጋበት መሬት አልነበራትም። የኛ የጎን መስታወት የሽንኩርቱን ጆንያ ቀዶት ቆምን። ሽንኩርቱ ተበትኖ ከኛ ቀድሞ ወደ አሊዩ አምባ ወረደ።

«ዓይንህን ምን ጋረደው አንተ ሰውዬ!» አለች ሴትዮዋ፣ ልጓሙን እንደያዘች።

«ጉሙ ነዋ!» አለ አባዬ።

ፀሐይዋ ግንባሬን እያቃጠለችኝ ነበር።

ከኋላ አንዱ «ቄሱ ቢኖሩ ይሄ ባልደረሰ» አለ። ሌላዋም «በጸሎታቸው ነዋ እስከ ዛሬ» አለችው። ሁሉም ወርደን ሽንኩርት ስንለቅም ሐቢብ ዓይን ዓይኔን አየኝ። እኔ ሽንኩርቱን አየሁ።

አሁን ሒሳቡን ሠራሁት። በሰከንድ አሥር ሜትር ብንሄድ፣ በደረቅ ሜዳ ፍሬኑ ብቻ አሥር ሜትር ያህል ይፈልጋል። በጭቃ ሃያ። በጭቃ ቁልቁለት ከሠላሳ ያልፋል። ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ ማየት አለ። ሌላው ሹፌር አይቶ ይረግጣል። እኛ መኪና ውስጥ ግን አንዱ ያያል፣ ይጮሃል፣ ሌላው ይሰማል፣ ከዚያ ይረግጣል።

ለምን እንደዚህ እንደጻፍኩ አላውቅም። ደክሞኛል።

ነሐሴ 8

ጋቢናው የኔ ሆኗል። «ድንጋይ በቀኝ። ልጆች። ውሻ፣ ተኝቷል፣ የሚነሳም አይመስለኝ።» አባዬ ለሁሉም «አይቻለሁ» ይላል። ተሳፋሪው «ቄሱን ተካሻቸው፣ ጥምጣም ብቻ ነው የቀረሽ» እያለ ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ።

ሐቢብ ሲያወርደኝ «አሁን ገባሽ?» አለኝ። «ምኑ?» አልኩት። ሐቢብ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ቆይቷል። ታዲያ አጎቱን «ውረድና እኔ ልንዳ» ብሎ እንዴት ይናገር? አባዬ ያለ መሪው ማን ነው? አገሩ ሁሉ የሚያውቀው ሹፌር ዘይኑ ብሎ ነው።

ምናልባት የኔ አፍ ይበቃ ይሆናል። አፌ ፈጣን ነው።

ነሐሴ 11

እርግጠኛ መሆን ፈለግኩ። ምናልባት እሱ በራሱ እያየ እኔ ነኝ በከንቱ የምለፈልፈው።

ወደ ደብረ ብርሃን እየሄድን ሜዳው ላይ ወጣን። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፣ ሰውም ከብትም አይታይም። ፍጥነቱን እስኪቀንስ ጠበቅኩና «አባዬ፣ ላም!» አልኩ።

ቀጥ አደረገው። ከኋላ የአንድ ሽማግሌ ባርኔጣ በትከሻዬ ላይ በርሮ ጭኔ ላይ አረፈ።

«የምን ላም?» አሉ ሽማግሌው።

«አለፈች እኮ» አለ አባዬ ላቡን እየጠረገ። «አላያችኋትም? ጥቁሯን! ባለቤቷም ሰው ነኝ ይላል፣ እንዲህ አስፋልት ላይ የሚለቃት።»

ሽማግሌው በግራ መስኮት አዩ፣ በቀኝ መስኮት አዩ። ሜዳው እስከ ሰማዩ ድረስ ባዶ ነው። «እንግዲህ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ መጣ!» አሉ። መኪናው በሳቅ ፈነዳ።

በሕይወቴ ይህን ያህል ያሳቀ ቀልድ ሠርቼ አላውቅም። ባርኔጣውን መለስኩላቸው።

ነሐሴ 12

ጥቁር ለምን አላት? «ላሟ» ብሎ ዝም ማለት ይችል ነበር። እኔ ላሟን ብቻ ነው የፈጠርኩት፤ ቀለም የቀባት እሱ ነው። ቀለሟን ሲናገር ድምፁ ልመና ይመስል ነበር።

እማዬ «ዛሬ ምን ሆነሽ ነው ማንንም ያልሰደብሽው?» አለችኝ።

ነሐሴ 15

የገበያ ቀን። ገና ሳይነጋ ሆዴን ቁርጠት ያዘኝ። (አልያዘኝም።) አባዬ ደንግጦ ገበያውን ትቶ በእግራችን ጤና ጣቢያ ወሰደኝ። መንገድ ላይ እጄን ይዞኝ ነበር። ደግፎኝ ነው ብዬ ነበር፤ አንድ ጉድጓድ ጋ ስንደርስ ግን እኔ ነኝ ያዞርኩት። የሰጡኝ ሽሮፕ ከሞት ይመርራል። ጠጣሁት። ይገባኛል።

ነሐሴ 16

ጾሙ ተፈታ። ቄስ ወርቅአገኘሁ ወጡ። ከጥምጣማቸው በቀር ሁሉ ነገራቸው ከስቷል። ቅጽሩ በር ላይ ስጠብቃቸው ሲያዩኝ፣ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡኝ «ማንን ገጫችሁ?» አሉ።

«ሽንኩርት።»

«ተመስገን!»

«ያውቁ ነበር አይደል አባ?»

ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «ዓምና መንገድ ላይ ተገናኝተን ‹እትዬ፣ እንደምን አደሩ› ብሎ ሰላም አለኝ። በዚህ ጢም! ያን ዕለት አወቅኩ። ለማንም እንዳልናገር ቃል አስገባኝ። መናገር ካልተፈቀደልኝ ማየትስ ማን ይከለክለኛል ብዬ ጋቢናውን ያዝኩ። ሎሚ ደግሞ ጨጓራዬን ያቃጥለኛል፣ ልጄ።»

ሳቄ መጣ፤ መሀል ላይ ተበላሸብኝ።

«አባ፣ መኪናው በሰከንድ አሥር ሜትር ይሄዳል። የእርስዎ ‹በስመ አብ› አንድ ሰከንድ ይፈጃል። አህያው ሳይጠራ አሥር ሜትር አለቀ ማለት ነው።»

«‹በስመ› ብቻ ብልስ?»

«አምስት ሜትር።»

«ዝም ብዬ ብጮህስ?»

«እኔ ዝም ብዬ ጮኼ ነው መስታወቱ ጆንያውን የቀደደው። ጆንያው ባይኖር የሚቀደደው ሌላ ነበር።»

ቄሱ መቋሚያቸውን መሬት ላይ እያዞሩ «ወዳጄን ላላሳፍር ብዬ ሰው ላስገድል ነበር» አሉ።

እኔስ? እኔማ በጋቢናው ተደስቼ ነበር።

ነሐሴ 22

የገበያ ቀን። መኪናው ጢም ብሎ ሞልቷል፤ አባዬ ሞተር አስነስቷል። ቄስ ወርቅአገኘሁ የጋቢናውን በር ይዘው ቆሙ። አልገቡም።

«ይግቡ እንጂ አባ፣ ሎሚው ያልቅብዎታል» አለ አባዬ።

«ዛሬ አልገባም ዘይኑ።»

«ምነው?»

«እኔ ከገባሁ ትነዳለህ። ካልገባሁ አትነዳም። ስለዚህ አልገባም።»

ቃላቸውን አላጠፉም፤ ሌላ ምንም አልተናገሩም። ከኋላ ያሉት «ምን ሆኑ ቄሱ?» «ረፍዶብናል!» ይላሉ። አባዬ መሪውን አልለቀቀም። ከዚያ ወደኔ ዞረ። እኔ ከቄሱ አጠገብ ነበርኩ፣ እሱ ግን ትንሽ ወደ ጎን፣ እኔ ወደሌለሁበት ነው ያየው።

«ዩምና፣ ያቺ ላም… ጥቁር አልነበረችም?» አለ ቀስ ብሎ።

መዋሸት የኔ ሙያ ነው። ነጭ ነበረች፣ ቡሬ ነበረች፣ ሁሉም አፌ ላይ ነበር።

«ላም አልነበረችም አባዬ።»

ሞተሩን አጠፋ። ወረደ። ቁልፉን ዘርግቶ «ሐቢብ!» አለ፤ ሐቢብ መጥቶ እስኪወስድለት እጁ እንደተዘረጋ ቆየ። ከዚያ በመኪናው ፊት በእጁ እየዳሰሰ ዞሮ፣ ሳቁም ቁጣም ሳይታይበት ጋቢና ገባ። «ማርሹን ፍሪ እንዳታደርግ» አለው ሐቢብን። «ፊዚክስ ይቆጣል።»

ቁልቁለቱን ሙሉ ቀኝ እግሩ ባዶ ወለል ይረግጥ ነበር፤ ሐቢብ ፍሬን ሲይዝ ይረግጣል፣ ሐቢብ ሳይይዝም ይረግጣል። ቄሱ ከኋላ ከኔ ጎን ተቀምጠው ልማድ ሆኖባቸው «በስመ አብ! አህያ» አሉ። ሐቢብ «አይቻታለሁ አባ» አለ። ቀድሞ ቀንሶ ነበር።

አባዬ አንድ ጊዜም አላናገረኝም።

ጳጉሜ 3

ደብረ ብርሃን፣ ዓይን ሐኪም። ሞራ ነው፣ በሁለቱም ዓይን። አንዱን ከበዓል በኋላ ይገፍፉታል፤ ምን ያህል እንደሚያይ የሚታወቀው ከዚያ ወዲያ ነው አሉ። ሐኪሙ «ለምን እስከ ዛሬ ቆየህ?» ቢለው አባዬ «ጉም መስሎኝ» አለ። አሁንም አያናግረኝም፤ በእማዬ በኩል ነው የሚያዘኝ። «ልጅሽን ውኃ አምጪ በያት።» ውኃው የሚመጣው ግን በቀጥታ ነው።

መስከረም 6

ገፈፉት። ፋሻ። ቄሱ እዚያ ድረስ መጥተው ወንበር ላይ ተኙ። እማዬ ዱዓ። እኔ ምንም።

መስከረም 9

ፋሻው ከተፈታ ወዲህ ለጠየቀው ሁሉ «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው» ይላል። ችግሩ፣ ክረምቱን ሙሉም ደህና ነው ሲል ነበር። እማዬ ‹ታያለህ?› ብላ መጠየቅ ትፈራለች። ሐቢብ ይፈራል። ቄሱ መጥተው ስለ እህል ዋጋ አውርተው ሄዱ። እኔም እፈራለሁ፤ ግን እኔ ፈርቼ እንኳ አርፌ አልቀመጥም።

ስለዚህ ይህን የምጽፈው ከግቢያችን ማዶ፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር ካለው የድንጋይ ካብ ላይ ነው። አባዬ ከጁምዓ ተመልሶ በር ላይ ወንበር አውጥቶ ተቀምጧል። መሀላችን የጎረቤት የባቄላ ማሳ አለ፣ ሙሉው። ድምፅ አላሰማሁም። ከጎኑም የሚነግረው ሰው የለም።

እጄን አወዛወዝኩ። ዝም።

ፀሐይ ፊቱ ላይ ሆናበት ይሆናል። (እኔም ጉም ማለት ጀመርኩ።)

ተነስቼ አረማመዱን አስመሰልኩ፣ ከነሆዱ፣ እጅ ማጣመሩም ሳይቀር። ዝም። አንዲት ላም አልፋ አየችኝ፤ እሷ እንኳ ታዘበችኝ።

ቀና አለ። ወደኔ ነው? ወደ ዛፎቹ ነው?

የቀረኝ አንድ ነገር ነው። ምላሴን አውጥቼዋለሁ፣ እስከ ሥሩ፣ በአንድ እጄ እየጻፍኩ። በአባት ላይ ምላስ ማውጣት ሐራም ነው፤ ቢያየኝ ይገርፈኛል። ያ አላህ፣ ይግረፈኝ።

ተነሳ። እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ

«ዩምና! ያን ምላስ ወደ ቤቱ መልሺው!»